አሲድና ቤዝን በጓዳ ዕቃ፦ ከአልጫ ነጠብጣብ እስከ አፈር ምርመራ

ነጭ ነጠላ ላይ አልጫ የፈሰሰበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ቢጫዋ ነጠብጣብ ሳሙና ሲነካት ድንገት ቀይ ትሆናለች። ሰው ይደነግጣል፣ ጨርቁ የተበላሸ ይመስለውና ይበልጥ ሳሙና ያሽበታል፣ ይብስበታል። ኮዬ ፈጬ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ይሄው ሆነ። የእህቴ ልጅ ነጠላዋን እያጠበች "ጋሼ፣ ሳሙናው አበላሸብኝ!" ብላ ጠራችኝ። ግማሽ ሎሚ አምጥቼ ቀዩ ላይ ጨመቅሁበት። ዓይናችን እያየ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ሳሙናውን ከእጄ ነጥቃ ደግማ ቀባችው፣ ቀላ። ሎሚ፣ ቢጫ። ሳሙና፣ ቀይ። አራት አምስቴ ደጋገመችው።

ልጅቷ 10ኛ ክፍል ናት። አሲድና ቤዝን ተምራለች፣ ፈተናም ወድቃ አታውቅም። አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየውን ሊትመስ ወረቀት ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለው፣ የተቆለፈ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ጓዳችን ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ የሠራነውን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ወላጅም ሁኑ ተማሪ፣ ለአብዛኛው አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ የምትይዙት ሐሳብ

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያመጣው ሐሳብ ለጀማሪ አሁንም ያገለግላል። አሲድ ማለት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነገር ነው፣ አዮን የሚባለው የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ነው። ቤዝ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ። ሁለቱ አዮኖች ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። ስለዚህ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይሰብራል፣ የሚቀረው ውሃና ጨው ነው። ጨው ሲባል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የብዙ ነገር የቤተሰብ ስም ነው።

መለኪያው ፒኤች ይባላል። ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ሶረን ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው፣ የሚሠራውም የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። የሚብላላ ነገር ላይ የአሲዱ መጠን ወሳኝ ስለሆነ ነው ነገሩ ያስጨነቀው። ጠላ የምትጠምቅ ወይም ሊጥ የምታቦካ እናትም በምላሷና በአፍንጫዋ የምትከታተለው ይህንኑ ነው።

7 መሐል ነው፣ ገለልተኛ። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ። ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው መሄድ ማለት በ10 እጥፍ መለወጥ ነው። ፒኤቹ 2.5 የሆነ አቼቶ ፒኤቹ 4.5 ከሆነ እርጎ የሚበልጠው በሁለት አይደለም፣ በ100 እጥፍ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ በረኪና

በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ከአቼቶም፣ ከሎሚም፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለቱን ደርቤ ላፍስስና ሽንት ቤቱ ይንጻልኝ የሚል ሰው ሞልቷል፣ እባካችሁ ለቤት ሠራተኞቻችሁም ንገሩ። እኛ ሙከራ ላይ በረኪናን ጭራሽ አናስገባውም። ሌላም ምክንያት አለ፤ በረኪና ቤዝ ቢሆንም ቀለሙን ራሱን ስለሚያጠፋው ምንም አያስነብባችሁም።

የመኪና ባትሪ አሲድም ለልጅ ሙከራ አይሆንም። ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጠንካራ አሲድ ማቅጠን ካለባችሁ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። ሙቀቱ ድንገት አፍልቶ ይረጨዋል።

ደረጃ 1፦ የእርድ ወረቀት

አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ። አራት የሾርባ ማንኪያ አልኮል ጨምሩበት፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ለቁስል የሚሆነው ይበቃል። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ነገር ኩርኩሚን ይባላል፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። ከምድጃና ከሻማ አርቁት፣ አልኮል እሳት ይይዛል። አማሱና ዝቃጩ እስኪቀመጥ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ቢጫ ወደ ዝርግ ሰሃን ገልብጡ፣ ነጭ ወረቀት ንከሩበት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁና እንደ ጣት አድርጋችሁ ቆራርጡት።

በቃ፣ የቤዝ መመርመሪያ አላችሁ። አሲድ ቢነካው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ፒኤቹ 8.5 አካባቢ ሲያልፍ ግን ወደ ቀይ ቡኒ ይዞራል። ነጠላው ላይ የሆነውም ይሄ ነው።

ደረጃ 2፦ የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ

እርድ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሉ ታሪኩን የሚነግራችሁ ቀይ ጥቅል ጎመን ነው፣ ያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው። እኛ ሰፈር ጉሊት ላይ አይገኝም፣ ሱፐርማርኬት ወይም ትልልቅ አትክልት መሸጫ መሄድ አለባችሁ። ካጣችሁ ከርከዴ ውሰዱ፣ ቅመም የሚሸጥበት ሁሉ አለ። ከርከዴ ራሱ አሲድ ስለሆነ ቀይ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ቤዝ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ጎመኑ ግን ይሻላል።

ሦስት ቅጠል በደንብ ክተፉ። ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ እስኪሸፍነው ድረስ አፍስሱበት። ሩብ ሰዓት ተዉት። በማጥለያ አጥልሉት። ጥቁር ወይን ጠጅ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ራሱም እየኮመጠጠ ይመጣና ውጤት ያዛባል። እኛ የበረዶ መሥሪያ ላይ አቀዘቀዝነው፣ በፈለግን ቁጥር አንድ ኩብ እናሟሟለን።

ቀለሙ እንዲህ ይነበባል። ፒኤች 2 አካባቢ ደማቅ ቀይ። 4 አካባቢ ሮዝ የተቀላቀለበት ወይን ጠጅ። 7 አካባቢ ወይን ጠጅ። 8 ላይ ሰማያዊ። 9 እና 10 ሰማያዊና አረንጓዴ መሐል። 11 እና 12 አረንጓዴ። ከዚያ በላይ ቢጫ። ይህን ወረቀት ላይ በቀለም እርሳስ ሥሉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ

እዚህ ላይ እኛ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋን። የመጀመሪያው የጎመን ውሃችን ገና ምንም ሳንጨምርበት ሰማያዊ ሆነ። ጎመኑ ይሆናል ብለን ሌላ ገዛን፣ ያው። ጥፋቱ የውሃው ነበር። የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ያገኛል፣ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከድንጋይ ጋር ሲኖር ባይካርቦኔት ይሸከማል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ከሆነ የእናንተም እንዲሁ ነው። ባይካርቦኔት ደካማ ቤዝ ስለሆነ ፈሳሹን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ ውስጥ ያለው ከየት የመጣ እንደሆነም ሁልጊዜ አይታወቅም።

መፍትሔው ከሰማይ ነው። ክረምት ከሆነ ንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን ሜዳ ላይ አስቀምጡና ዝናብ አጠራቅሙ። ከጣራ የወረደውን አይደለም፣ በቀጥታ የወረደውን። የዝናብ ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ በትንሹ አሲድ ነው፣ 5.6 አካባቢ፣ ግን ጉልበት ስለሌለው ውጤት አያበላሽም። በጋ ከሆነ ባትሪ ቤቶች የሚሸጡት የተጣራ ውሃ ይሆናል፣ ውሃውን ማለቴ ነው፣ ከጎኑ የሚሸጠውን አሲድ እንዳታመጡ። በዚህ ውሃ ያወጣችሁት የጎመን ፈሳሽ ትክክለኛውን ወይን ጠጅ ይሰጣችኋል።

ያንን የማንቆርቆሪያ ቅርፊትም ፍቃችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ይፈላል። ካርቦኔት ከአሲድ ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ አረፋው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ የጓዳውን ዕቃ መደርደር

ነጭ ስኒዎች ደርድሩ። የቡና ስኒ ከሁሉ ይሻላል፣ ውስጡ ነጭ ስለሆነ ቀለሙ አይዋሽም። በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ የጎመን ውሃ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ የሚመረመረው ነገር። ለእያንዳንዱ የተለየ ማንኪያ ተጠቀሙ። ሎሚ፣ ነጭ አቼቶ፣ የእርጎ አጓት፣ ወተት፣ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ፣ የሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ። ቤኪንግ ፓውደር እንዳታመጡብኝ፣ እሱ ሶዳውንም አሲዱንም አብሮ የያዘ ነው።

የአመድ ውሃ ለማውጣት ሁለት ማንኪያ የእንጨት አመድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ላዩን በጨርቅ አጥልሉት። አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ። ሲነኩት ሙልጭልጭ ይላል፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ድሮ ልብስ ይታጠብበት የነበረው ለዚህ ነው። እንዶድ ግን ሌላ ነው። የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር እንጂ ከቤዝነት አይደለም። የሚያረፋ ሁሉ ቤዝ አይደለም።

ለእኔ የሁሉ ቁንጮ እርሾው ነው። ሊጥ አቡክታችሁ ወዲያው ከላዩ ትንሽ ቅዱና መርምሩ። ጎመኑ ከወይን ጠጅ ብዙም አይንቀሳቀስም። በሦስተኛው ቀን ከሊጡ በላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቅዱ፣ ጠብ አድርጉት። ሮዝ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ከጤፉ ስኳር ላክቲክ አሲድ ሲሠሩ ሰንብተዋል፣ ፒኤቹን 4 አካባቢና ከዚያም በታች አውርደውታል። የእህቴ ልጅ ስኒውን ብርሃን ላይ ይዛ "እንጀራው የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው እንዴ?" አለች። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አሁን የእርዱን ወረቀት አምጡ። ቤኪንግ ሶዳው፣ ሳሙናውና አመዱ ሦስቱም ጎመኑን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ወስደውታል። እርዱን በየተራ ንከሩ። ሳሙናና አመድ ያቀሉታል፣ ቤኪንግ ሶዳ ግን ፒኤቹ 8.3 ገደማ ስለሆነ እምብዛም አይነካውም። ሁለት መመርመሪያ ሲኖራችሁ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል።

ደረጃ 5፦ ደካማ እና ቀጭን አንድ አይደሉም

ተማሪ ሁሉ የሚደናገርበት ቦታ ይሄ ነው። ቀጭን ማለት ውሃ የበዛበት ማለት ነው። ደካማ አሲድ ማለት ደግሞ ሞለኪውሎቹ ሃይድሮጅናቸውን መልቀቅ የማይወዱ ማለት ነው። 5 በመቶ አቼቶ ውስጥ ካሉት 1000 የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች ሃይድሮጅናቸውን የለቀቁት 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሆን በዚያው መጠን ሁሉም ማለት ይቻላል ይለቁ ነበር።

በዓይናችሁ እዩት። አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ ዘጠኝ ማንኪያ የዝናብ ውሃ። ከዚህኛው ደግሞ አንድ ማንኪያ ወስዳችሁ ዘጠኝ ማንኪያ ውሃ። ሦስቱንም በጎመን ውሃ መርምሩ። 100 ጊዜ ያቀጠናችሁት እንኳን አሁንም ሮዝነቱ አለ። ጠንካራ አሲድ ቢሆን 10 ጊዜ ባቀጠናችሁ ቁጥር ፒኤቹ አንድ ሙሉ ቁጥር ይወጣ ነበር። አቼቶ ግን ግማሽ ቁጥር ያህል ብቻ ነው የሚወጣው፣ ከ2.4 ወደ 2.9፣ ከዚያ ወደ 3.4። ውሃ ሲበዛ ሳይለቁ የቆዩት ሞለኪውሎች መልቀቅ ስለሚጀምሩ ነው። ይህንን ስኒ ፊት ቁጭ ብሎ ያየ ልጅ መቼም አይረሳውም።

ደረጃ 6፦ ቲትሬሽን በሲሪንጅ

ቲትሬሽን ማለት አሲዱ ስንት ቤዝ እንደሚፈጅ በመለካት የአሲዱን መጠን ማወቅ ነው። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሁለት ሲሪንጅ ግዙ፣ መርፌውን አስቀሩት። 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ የዝናብ ውሃ አሟሙና 100 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ውሃ ጨምሩበት። ሚዛን ከሌላችሁ አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 5 ግራም ይጠጋል። በአንደኛው ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ፣ ሁለት ማንኪያ የጎመን ውሃ አክሉበት። ቀይ ነው።

በሌላኛው ሲሪንጅ ሶዳውን ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ብርጭቆውን እያሽከረከራችሁ። ይፈላል፣ ጠብቁት። መጀመሪያ ምንም የሚለወጥ አይመስልም፣ አትቸኩሉ፣ ልጅ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰለችና አንዴ ይገፋዋል፣ ከዚያ ያልፈዋል። ከ12 ሚሊ ሊትር በኋላ በጠብታ ብቻ ሂዱ። ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ዞሮ ሲቀር አቁሙና የፈጀውን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደግሙና አማካዩን ውሰዱ።

አቼቶው በእርግጥ 5 በመቶ ከሆነ 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ለ14 አካፍሉ፣ በ5 አባዙ፣ አቼቶው ስንት በመቶ እንደሆነ አወቃችሁ። 11 ሚሊ ሊትር ከፈጀ 4 በመቶ ገደማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ትንሽ አሲድ ስለሆነ መጨረሻውን ያደበዝዘዋል፣ የግማሽ ሚሊ ሊትር ስህተት አያሳስባችሁ። ከዚያ በአቼቶው ፋንታ የሎሚ ጭማቂ አድርጉና አወዳድሩ።

ደረጃ 7፦ አፈር

እስካሁን ያለው ለፈተና ይጠቅማል፣ ይሄኛው ለእርሻም ይጠቅማል። ከተማዋን ከበው ያሉ አፈሮች አንድ አይደሉም። እኛ ጋ፣ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ክረምት የሚያጣብቅ፣ በጋ የሚሰነጠቅ፣ ብዙ ጊዜም ከገለልተኛ የማይርቅ። በምዕራብ በኩል በመናገሻና ሆለታ አቅጣጫ ያለው ቀይ አፈር ግን አሲድነት ያጠቃዋል። በአገር ደረጃም ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማ ነው ይባላል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን አጥቦ ይወስዳል፣ ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ይጎዳል፣ ፎስፎረሱም ይታሰራል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም ገብሱ ጠብ አይልለትም። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ላይና በኖራ ላይ ለዓመታት ሠርቷል።

አሠራሩ ይኸው። ላዩን ጥረጉና አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አፈር ውሰዱ። ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ አድቅቁ። አንድ እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የዝናብ ውሃ። በደንብ አማሱ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ እያላችሁ ደጋግማችሁ አማሱ፣ ከዚያ አስቀምጡት። ቀዩ ቶሎ ይጠራል፣ ዋልካው ግን ማደር አለበት። የጠራውን ብቻ ስኒ ውስጥ ቅዱና የጎመን ውሃ ሦስት አራት ጠብታ ብቻ። ከበዛ የጎመኑ ቀለም ራሱ ይጫነዋል። ይህ ግምት ነው፣ ኖራ ስንት ኩንታል ልጨምር ለሚል ሰው የላቦራቶሪ ምርመራ ግዴታ ነው።

ስለ ኖራም አንድ ቃል። ለእርሻ የሚሆነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፣ አቼቶ ሲነካው ይፈላል። ለግድግዳ የሚቀባው ግን ተቃጥሎ በውሃ የበረደ ሌላ ነገር ነው፣ ኃይለኛ ቤዝ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆች በእጅ እንዳይነኩት።

እኛ ዘመድ ከሆለታ በፌስታል ያመጣልንን ቀይ አፈርና ከሕንፃው ጀርባ የቆፈርነውን ዋልካ ጎን ለጎን አስቀመጥን። የዋልካው ስኒ ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነበር። የሆለታው ግልጽ ሮዝ። ከዚያው ቀይ አፈር ሁለት ኩባያ ሞልተን በአንዱ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ቀላቀልንበት፣ ሁለቱንም እርጥብ አድርገን መስኮት ላይ አቆየናቸው። የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ እሑድ ከሁለቱም ትንሽ ወስዳ ትመረምራለች፣ ደብተሯ ላይ ቀለሙን በእርሳስ ትቀባለች። ሦስተኛው እሑድ ላይ ኖራ ያልገባበት እንደ ሮዝ ነው፣ የገባበት ወይን ጠጅ ሆኗል።